ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት፦ ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና በሳሪስ አቦ

ያገለገለ መኪና መምረጥ በአዲስ አበባ የቆየ ሙያ ነው። ሞተሩ በጠዋት፣ ብርዱ ሳይለቀው ይነሣል፤ አንዱ ከኋላ ቆሞ የጭሱን ቀለም ያያል፤ መካኒኩ የዘይት መክደኛውን ፈትቶ ትንፋሹን ይመለከታል፤ ካምቢዮ ሲገባ የሚሰማው ድምፅ ይደመጣል። ደላላው «ሞተሯ ያልተነካ፣ በአንድ እጅ የተያዘች» ሲል ገዢው ቃሉን የሚያጣራበት ዓይንና ጆሮ አለው፤ ራሱ ባይኖረው ያለው ሰው ይዞ ይመጣል። ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት ጋራዦች ይህ እውቀት ከዋናው መካኒክ ወደ ረዳቱ ሲተላለፍ ኖሯል።

የኤሌክትሪክ መኪና ፊት ሲቆም ግን ይህ ሁሉ ሙያ የሚይዘው ያጣል። ጭስ የለም፣ የሞተር ዘይት የለም፣ የሚደመጥ ድምፅም የለም። ቀለሟ የሚያብረቀርቅ መኪና ባትሪዋ የደከመ ሊሆን ይችላል፤ በሩ ላይ የተጫረችው ደግሞ እንደ አዲስ ልታገለግል ትችላለች። ከመኪናዋ ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ወለሉ ሥር የተኛው ባትሪ ስለሆነ፣ በእርግጥ የሚገዙት እሱን ነው። ባትሪ በዓይን አይገመትም፤ ግን ይለካል። መለኪያውም ከባድ መሣሪያ አይፈልግም፤ አንድ ሌሊትና የቤትዎ ቆጣሪ ይበቃል። በዚህ ምዕራፍ ላሳምንዎ የምፈልገው ነገር ይኸው ነው፦ ሳይለካ ቀብድ አይክፈሉ።

ወደዚህ ገበያ የደረስነው ደረጃ በደረጃ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጁ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2014 ዓ.ም. ገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ሲያደርግ፣ ተገጣጥመው በሚገቡት ላይ የቀረው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ነበር። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ (ዶ/ር) ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። እንዲህ ያለ እገዳ በሥራ ላይ ያዋለ ሌላ አገር ከዚያ በፊት አልነበረም። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ በ2017 አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር አለፈ። በእነዚህ ዓመታት በሞጆና በቃሊቲ ጉምሩክ በኩል የገቡት መኪናዎች ዛሬ ሁለተኛ ባለቤት ይፈልጋሉ።

ሒሳቡ ገዢን የሚስብ ነው። ቢዋይዲ ዶልፊንን የምታክል መኪና በከተማ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ትፈጃለች። በቤት ታሪፍ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 10 ብር ስለማይሞላ ወጪው ከ150 ብር በታች ነው። ቪትዝ በዚያው መንገድ 6 ሊትር ብትጠጣ ከ600 ብር በላይ ያስወጣል። የዘይት ቅያሬና የሻማ ወጪም የለም። ይህ እውነት ነው፤ ደላላውም ደጋግሞ ይነግርዎታል።

የሳሪስ ሰው ግን ሌላም እውነት በዓይኑ አይቷል። በመስከረም 2008 በሳሪስና በአቦ አልፎ ቃሊቲ የሚደርሰው ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር ሰፈሩ በኤሌክትሪክ መጓዝን ከብዙው የአፍሪካ ከተማ ቀድሞ ለመደ። ለሁለቱ መስመሮች 41 ባቡሮች ነበሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኞቹ ቆሙ። ዋናው ምክንያት የመለዋወጫ እጥረት ነበር። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነገር የሚቆመው ዕቃው ከሩቅ ሲመጣና የሚጠግነው ሰው ሲጠፋ ነው። መኪና ሲመርጡ ይህን ከባቡሩ ይማሩ እላለሁ፦ በከተማው በብዛት የሚታየውን ሞዴል ይምረጡ። ብቻዋን የመጣች ብርቅ መኪና የፊት መብራቷ ቢሰበር እንኳ ለወራት ልታቆምዎ ትችላለች።

መኪናዋን ለማየት ከመሄድዎ በፊት የሚታይ ሌላ ነገር አለ፤ የሚያድሩበት ቤት። ሳሪስ አቦ ግቢ ያለው ቤት አለ፣ በአከራይ ግቢ ውስጥ ያለ ክፍል አለ፣ ወደ ገላንና ወደ ቱሉ ዲምቱ ወረድ ሲሉ ደግሞ ኮንዶሚኒየም በኮንዶሚኒየም ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ገመድ በመስኮት ሊያወርድ አይችልም፤ መሞከርም የለበትም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በቴሌብር የሚከፈልባቸው ፈጣን የቻርጅ ጣቢያዎች መክፈት ጀምሯል፤ የግል ጣቢያዎችም አሉ። ሆኖም በጣቢያ ብቻ መኖር ሰልፍ ነው፤ ከቤት ታሪፍም ይወደዳል። ማታ የሚሰካበት የራሱ ቦታ የሌለው ሰው ለጊዜው ባይገዛ እመክራለሁ። ይህን ስል ለብዙ ሰው ደስ እንደማይል አውቃለሁ፤ ቢሆንም በገንዘቡ እንዲያዝን አልፈልግም።

ቦታው ካለ የሚያስፈልገው ኃይል ሰው ከሚፈራው ያንሳል። ከመኪናዋ ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ 10 አምፔር ይስባል፤ በ220 ቮልት 2.2 ኪሎ ዋት ማለት ነው። የእንጀራ ምጣድ ከዚህ ይበልጣል። ምጣድ የሚችል ቤት ቻርጀርም ይችላል፤ ሁለቱን በአንድ ሰዓት ግን አይችልም። ከሳሪስ አቦ ፒያሳ ደርሶ መመለስ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ይህ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይተካል። ትልቁን፣ 7 ኪሎ ዋት የሚሰጠውን የግድግዳ ቻርጀር ለመግጠም ግን 32 አምፔር የሚችል ብሬከርና ቢያንስ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ገመድ ከቆጣሪው ጀምሮ መዘርጋት አለበት። ለተራ ሶኬት በተዘረጋ ቀጭን ገመድ ላይ ይህን የሰቀለ ሰው ግድግዳው ውስጥ እሳት አስቀምጧል።

ኤርዝ የሚባለው ነገር ደግሞ ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት ይገባል። በብዙ ቤት የሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ ለመልክ ነው፤ ከመሬት የሚያገናኘው ሽቦ የለውም። የመኪናው ቻርጀር ይህን ያውቃል፤ ቀይ መብራት አብርቶ አልሠራም ይላል። ያኔ አንዳንድ ኤሌክትሪሺያን ኤርዙን ከኒውትራሉ ጋር አጣምሮ ቻርጀሩን ያታልለዋል። እባክዎ ይህን አይፍቀዱ። ኒውትራሉ አንድ ቀን ከምሰሶው ላይ ቢላቀቅ የመኪናዋ ገላ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ በሩን የሚነካው ልጅዎ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው መፍትሔ መሬት ውስጥ የሚቀበር የመዳብ ዘንግ ነው፤ ከመኪናዋ ዋጋ አንጻር ወጪው የሚጠቀስ አይደለም።

አገሪቱ ኃይል አላጣችም። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የአገሪቱ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ፣ አባ ሳሙኤል፣ ከዚሁ ከእኛ በታች በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው የተሠራው፤ አቅሙም 6.6 ሜጋ ዋት ነው። የሚቸግረው የሰፈሩ ትራንስፎርመር ነው። ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ቻርጀሩም ያቋርጣል። ስለዚህ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ቻርጅ የማድረግ ልማድ ለእርስዎም ለጎረቤትም ይበጃል።

አሁን ወደ መኪናዋ እንሂድ። ሻጩ «የ2023 ናት» ሲል መቼ ሰሌዳ እንደተለጠፈባት እየነገረዎት ሊሆን ይችላል። ከፋብሪካ የወጣችበት ጊዜ ሌላ ነው። ቻይና ውስጥ አዲስ መኪናዎች አንዴ ተመዝግበው፣ ሳይነዱ፣ «ያገለገሉ» ተብለው ወደ ውጭ እንደሚላኩ እ.ኤ.አ. በ2025 በሰፊው ተዘግቧል። እንዲህ ያለችው መኪና በመጋዘንና በወደብ ወራት ልትቆይ ትችላለች፤ በተለይ በጅቡቲ ሙቀት ውስጥ መቆም ለባትሪ አይስማማም። እውነቱን የሚናገረው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ከ17ቱ ፊደላትና አኃዞች አሥረኛው የሞዴሉን ዓመት ያሳያል፦ ኤም 2021፣ ኤን 2022፣ ፒ 2023፣ አር 2024፣ ኤስ 2025 (እ.ኤ.አ.)። በበሩ ምሰሶ ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው የፋብሪካ ሰሌዳም የተሠራችበትን ዓመትና ወር ይዟል። ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ያስተያዩት። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ሆኖ ዕድሜው ብዙ ከሆነ በቅናሽ ለመደራደር በቂ ምክንያት አለዎት።

ባትሪው ራሱ ከሁለት ቤተሰብ የአንዱ ነው። ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ «ብሌድ» ብሎ የሚገጥመው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ይባላል፤ ዶልፊንና ሲጋል ይህን ይይዛሉ። እንደ ቮልስዋገን አይዲ ፎርና አይዲ ሲክስ ያሉት ደግሞ ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበትን ይይዛሉ። የመጀመሪያው ለክብደቱ የሚይዘው ኃይል ያንሳል፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ቻርጅ መደረግን ይችላል፤ እስከ 100 በመቶ መሙላትም ብዙ አይጎዳውም። ሁለተኛው በየቀኑ 80 በመቶ ላይ ቢቆም ይመረጣል፤ ሁልጊዜ ሞልቶ የሚያድር ከሆነ ቶሎ ይደክማል። ሻጩን እንዴት ቻርጅ ያደርግ እንደነበር ይጠይቁት፤ መልሱ ስለ ባለቤቱ ብዙ ይነግራል።

ብዙ ሰው ባትሪ በሦስትና በአራት ዓመት ያልቃል ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ከስልክ የመጣ ይመስለኛል። የመኪና ባትሪ ሙቀቱ ይጠበቅለታል፤ ጂኦታብ የተባለ ኩባንያ በሺህ የሚቆጠሩ መኪናዎችን መረጃ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት አማካይ ቅናሹ በዓመት 1.8 በመቶ ነው። የአዲስ አበባ አየር፣ ያልሞቀ ያልቀዘቀዘ፣ ለባትሪ ከሚመረጡት አንዱ ነው። ሆኖም አማካይ ስለ እርስዎ መኪና ምንም አይናገርም። እሷን መለካት ያስፈልጋል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ዶልፊንን እንውሰድ፤ ትንሹ ባትሪዋ አዲስ ሳለ 44.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ መኪናዋ 30 በመቶ ላይ ስትደርስ ማታ በሱ ወይም በእርስዎ ግቢ ትሰካ። ምጣዱና ማሞቂያው ይጥፉ፤ ፍሪጁም ለዚያች ሌሊት ቢነቀል ይሻላል። የቆጣሪውን ንባብ ፎቶ ያንሡ። ከምሽቱ 2 ሰዓት የተሰካች መኪና በተንቀሳቃሹ ቻርጀር ንጋት 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ 80 በመቶ ትደርሳለች። ቆጣሪውን እንደገና ያንሡ። ግማሹ ባትሪ 22.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ በቻርጀሩና በገመዱ ሙቀት ሆኖ የሚባክነው 10 በመቶ ገደማ ሲጨመር ቆጣሪው 25 አካባቢ ማንበብ አለበት። 25 ከሆነ ባትሪው እንደ አዲስ ነው። 22 ላይ ከቆመ 12 በመቶ ያህል ቀንሷል። 18 ከሆነ አመስግነው ይሂዱ። ጥቂት የስሕተት ክልል አለው፤ ቢሆንም ከማንም ቃል ይበልጣል። ሻጩ ሌሊቱን ካልፈቀደ ቀን ላይ ከ80 እስከ 30 በመቶ ነድተው መኪናዋ ራሷ ፈጀሁ የምትለውን ኪሎ ዋት ሰዓት በሁለት ማባዛት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ስካነር ያለው ባለሙያ ይጥሩ። በስክሪኑ ላይ የሚወጣው የባትሪ ጤና መቶኛ መኪናዋ ስለ ራሷ ያሰላችው ግምት ስለሆነ ብዙ አይመኩበት። የሚፈለገው የእያንዳንዱ ሴል ቮልቴጅ ነው። ባትሪው ብዙ ሴሎች ተያይዘው የተሠራ ነው፤ አንዱ ከደከመ ሁሉም በሱ ልክ ይቆማሉ፣ ልክ እንደ በሬ ጥማድ። በአይረን ፎስፌት ባትሪ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ከ30 እስከ 80 በመቶ ባለው መካከል ቮልቴጁ ምንም ያህል አይለዋወጥም፤ የታመመውም ጤነኛውም አንድ ዓይነት ቁጥር ያሳያል። ልዩነቱ የሚወጣው ባትሪው ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ነው። ስለዚህ ቻርጇ 60 በመቶ ላይ ሆና «ይኸው ሁሉም እኩል ነው» ቢሉዎት ገና አልታየም ማለት ነው። በሌላ በኩል 30 ያሳየች መኪና በድንገት 15 ብትል ወዲያው ባትሪው ሞቷል አይበሉ። ለረጅም ጊዜ ሙሉ ያልተሞላ አይረን ፎስፌት መለኪያው ይዛባበታል፤ አንዴ እስከ 100 ሞልቶ ሲያድር ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

የኔ ፍርድ ይኼ ነው፦ 10 በመቶ የቀነሰ፣ ሴሎቹ ግን እኩል የሆኑ ባትሪ ለከተማ ሰው ምንም አያጎድልበትም። ዋጋ ያስቀንሱበትና ይግዙ። ገና 3 በመቶ የቀነሰ፣ አንድ ሴሉ ግን ከሌሎቹ ርቆ የወደቀ ባትሪ ነው የሚያስፈራው።

ስለ ርቀት የሚነገረውን ቁጥር ቆርጠው ይስሙ። ያቺው ዶልፊን በቻይና መለኪያ 420 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይባላል፤ በአውሮፓ መለኪያ 340 ነው። መኪናዋ ያው ናት፣ ባትሪውም ያው ነው። ለእኛ መንገድ የአውሮፓው ይቀርባል፤ በፈጣን መንገድ ደግሞ ከሱም ያንሳል። ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ ሲወርዱ አዳማ ከሳሪስ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል መኪናዋ በጣም ትቆጥባለች፤ ባለቤቱም ይደሰታል። ስትመለስ ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ፣ ከመንገዱ በተጨማሪ፣ ከነተሳፋሪው 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ትከፍላለች። በፍጥነቱ ላይ ይህ ሲጨመር የመልሱ ጉዞ ከሄዱበት በግልጽ ይበልጣል። ለሙከራ ሲነዱም ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ ቁልቁል ብቻ ወስደው የሚያሳዩዎትን አይቀበሉ፤ ሽቅብ ይመልሷት።

ሊፍት ባለው ጋራዥ ከሥር ይይዋት። ባትሪው ወለሉ ላይ ስለሆነ ያልተስተካከለ ኮብልስቶንና ከፍ ያለ የፍጥነት መቀነሻ መጀመሪያ የሚያገኙት እሱን ነው። የተጎደጎደ፣ የተቀባ ወይም እንደገና የተበየደ ሽፋን ካዩ ይተዉት። ጎማው ከነዳጅ መኪና ቶሎ ያልቃል፤ አይዲ ሲክስ ከ2 ቶን በላይ ትመዝናለች። ፍሬን ሸራው በአንጻሩ ብዙ ይቆያል። ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ አይርሱ፤ እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናዋ በሯን አትከፍትም።

ከቻይና ገበያ የመጡት መኪናዎች የቻርጅ መሰኪያቸው የቻይና ነው፤ ከአውሮፓ የመጡት ሌላ ነው። ወደ ጣቢያ ከመሄድዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ይወቁ፤ አስማሚ ተብሎ በየሱቁ የሚሸጠው ሁሉ ለፈጣን ቻርጅ አይሆንም። የቻይና ሕግ አምራቾች ለባትሪ ቢያንስ የ8 ዓመት ወይም የ120,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና እንዲሰጡ ያስገድዳል። ይህ ዋስትና ግን በአብዛኛው እዚያው አገር ይቀራል። በአስመጪ በኩል የመጣች መኪና «ዋስትና አላት» ከተባለ ዋስትናውን የጻፈው ማን እንደሆነ፣ የሚጠግነውስ በየትኛው ጋራዥ እንደሆነ በወረቀት ይጠይቁ።

ወረቀቱ ከነዳጅ መኪና ብዙ አይለይም። ሊብሬው፣ ዲክላራሲዮኑ፣ ቦሎው፣ የሻንሲ ቁጥሩ ከመኪናዋ ጋር ይመሳከር፤ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኗ ይረጋገጥ፤ በባንክ ብድር የተገዛች ልትሆን ትችላለችና። የቀብዱ ጉዳይ ግን የሕግ ክብደት አለው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀራል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ባትሪውን ሳይለኩ 100,000 ብር ቀብድ ሰጥተው ማግስቱን ቆጣሪው 18 ቢያነብልዎ፣ ያ ገንዘብ መያዣ ሆኖ ያስገድድዎታል። ሻጩ ሌላ ገዢ አለ እያለ ካጣደፈዎ፣ ቀብዱን የሚሰጡበት ወረቀት ላይ «የባትሪው አቅም በምርመራ ከዚህ ካነሰ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል መስመር ከነቁጥሩ ያስገቡ። ሐቀኛ ሻጭ ይህን ይፈርማል።

ውልና ማስረጃ ዘንድ ስትፈራረሙ ቻርጀሩ፣ ሁለቱም ቁልፎችና በዚያች ሌሊት ያገኙት ልኬት በውሉ ይጠቀሱ። አንድ ነገር ደግሞ በነዳጅ መኪና ያልነበረ አለ። ብዙዎቹ መኪናዎች በሻጩ ስልክ ላይ ተመዝግበዋል፤ በመተግበሪያው ቦታዋን ያያል፣ በሯንም ሊከፍት ይችላል። ከስልኩ ላይ ሲያስወጣት አጠገቡ ቆመው ይዩ፤ በእርስዎ ስልክ መመዝገቧንም ያረጋግጡ። ቀሪውን ክፍያ ከዚያ በኋላ ያስተላልፉ።